ገበና ከታች ቡድን፦ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ምሩቃን የምስጢር መደጋገፊያ ቡድን እንዴት እንደሚገቡ

የድሮ የክፍል ጓደኞች ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ ወሬው ይታወቃል። «ሥራ እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው፣ እየሄደ ነው።» አንዱ ድርጅት ከፍቷል። ሌላዋ የፋይናንስ ኃላፊ ሆናለች። ፎቶ ይነሡና ይበተናሉ። በዚያ ፎቶ ውስጥ ግን የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ የጨነቀው ሰው አለ። ከሸሪኩ ጋር መነጋገር ያቆመ አለ። ከሥራ መሰናበቱን ለቤተሰቡ ያልተናገረም አለ። እኔም እንዲህ ባለ ፎቶ ውስጥ አለሁ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። በዚያ ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

የአቻ መደጋገፊያ ቡድን የገባሁት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። «እንዴት ይገባል? ገብቼስ ምን ይጠብቀኛል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምነግረውን እዚህ ጽፌዋለሁ። የማወራው የራሴን ብቻ ነው። የቡድን ጓደኞቼ ታሪክ የእነሱ ስለሆነ ስም ቀይሬም ቢሆን አላነሣውም። ስለ ምስጢር አጠባበቅ ደግሞ ሆን ብዬ ረዘም አድርጌያለሁ። ምስጢር በማይጠበቅበት ቡድን ውስጥ ሰው የሚያወራው ለፎቶው የሚያወራውን ነው።

ምን ዓይነት ቡድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 የሚሆኑ ምሩቃን ናቸው። በወር አንድ ቀን፣ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። እንግዳ አይጋበዝም። ከመካከላቸው አንዱ ተራውን ጠብቆ ያወያያል። አንዳንድ ቡድኖች ደግሞ ከውጭ ባለሙያ አወያይ ይቀጥራሉ። ሥራ የሚገኝበት፣ ደንበኛ የሚጠመድበት ቦታ አይደለም። እንደዚያ ለሚፈልግ ሌላ መድረክ ሞልቷል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1727 ፊላዴልፊያ ውስጥ 12 ያህል ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ይዞ «ጁንቶ» የተባለ ክበብ አቋቁሟል። ዓርብ ማታ ዓርብ ማታ ይገናኙ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ ግን በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ከተመሠረተው ዋይ.ፒ.ኦ. ከተባለው የወጣት ኩባንያ መሪዎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባላት በ1970ዎቹ «ፎረም» ብለው የሚጠሩትን ትንሽ የምስጢር ቡድን ጀመሩ። አሠራሩ ከዚያ ወደ ሌሎች የነጋዴዎች ማኅበራት፣ ቀጥሎም ወደ አንዳንድ የምሩቃን ማኅበራት ተሻገረ።

በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ስለ 5 በመቶ ሲወራ ይሰማሉ። ከኑሯችን አብዛኛውን፣ መሐል ያለውን 90 በመቶ፣ ለማንም እናወራለን። ከላይ ያለውን 5 በመቶ፣ በጣም የተሳካልንን፣ ጉራ እንዳይመስልብን እንይዘዋለን። ከታች ያለው 5 በመቶ ያሳፈረንና ያስፈራን ነው። እሱን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ቡድኑ የተሠራው ለሁለቱ ጫፎች ነው። ስለ ታችኛው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ የላይኛውን ግን አይርሱ። ድርጅቱን ሸጦ ገንዘብ ያገኘ ሰው ባዶነት ቢሰማው ለማን ይናገራል?

1. የተሸከሙትን ይለዩ

ቡድን ከመፈለግዎ በፊት ብቻዎን ይቀመጡና ይጻፉ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ፊደል አያርሙ፣ አያሳምሩ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ አስጽፏል። ስለ ከባድ የሕይወት ገጠመኛቸው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ባነሰ ቁጥር ነበር። መጻፍ በራሱ ሸክም ያቀልላል። እዚህ ላይ የምፈልገው ግን ምን እንደተሸከሙ በዓይንዎ እንዲያዩት ነው።

ከጻፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ጉዳይ የአቻ ነው ወይስ የባለሙያ? ከሸሪክ ጋር መለያየት፣ ማባረር የሚከብድዎት ሠራተኛ፣ ሥራና ቤት አልጣጣም ማለታቸው፣ «ከዚህ በኋላስ ምን ልሁን?» የሚል ጥያቄ፤ እነዚህ የቡድን ናቸው። ውል መተርጎም የጠበቃ ነው። የማያባራ ጭንቀት፣ የመጠጥ ነገር፣ ከወር ወር የማይለቅ ድብርት ካለ የሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳይ ነው። ቡድኑ ከጎን ሊደግፍዎት ይችላል፤ ባለሙያውን ግን አይተካም። ሕይወትዎን ለማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ ግን የወር ስብሰባ አይጠብቁ። ዛሬውኑ ለሚቀርብዎት ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

2. ቡድን ያፈላልጉ

መጀመሪያ የሚጠየቀው የተማሩበት ትምህርት ቤት የምሩቃን ጽሕፈት ቤት ነው። «የአቻ ቡድን» ወይም «ፎረም» አላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። ጽሕፈት ቤቱ ባያውቅ የክፍልዎ ተጠሪ ሊያውቅ ይችላል። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ራሳቸውን ስለማያስተዋውቁ በሰው በሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲጠይቁ ችግርዎን መዘርዘር የለብዎትም። «ከእኩዮቼ ጋር በምስጢር የምነጋገርበት ቡድን እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው።

ቡድን ሲመደብልዎት ከማን ጋር እንደሚቀመጡ አስቀድመው ይወቁ። የስም ዝርዝሩን አይቶ «ከዚህ ሰው ጋር አልችልም» ማለት ነውር የለውም። ምክንያቱን መናገርም አይጠበቅብዎትም። አለቃዎ፣ በሥርዎ የሚሠራ ሰው፣ ተፎካካሪዎ፣ ገንዘቡን እርስዎ ጋ ያስቀመጠ ባለሀብት፣ የቅርብ ዘመድ፤ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር በአንድ ቡድን አይግቡ። ሰዎቹ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። የሚሰሙት ነገር ሳይፈልጉ ውሳኔያቸው ውስጥ ስለሚገባ ነው። በጣም የቅርብ ጓደኛም ቢሆን ያስቸግራል። ጓደኛዎ ከ10 ዓመት በፊት የነበረውን እርስዎን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሊያይዎት ይከብደዋል።

ቡድን ከሌለ ራስዎ መጀመር ይችላሉ። ሁለት የሚያምኗቸውን ምሩቃን ያግኙ። እያንዳንዳቸው እርስዎ የማያውቋቸውን ሁለት ሁለት ሰዎች ያምጡ። 7 ሰዎች ሆናችሁ ማለት ነው። ከ5 ካነሰ አንድ ሰው ሲቀር ስብሰባው ይላላል። ከ10 ካለፈ ደግሞ ተራ አይደርስም፣ ምስጢርም ለመያዝ ይከብዳል።

3. ከአወያዩ ጋር ይነጋገሩ

አብዛኛው ቡድን አዲስ ሰው ከመቀበሉ በፊት አወያዩ ለብቻው ያናግረዋል። እሱ እርስዎን እንደሚመዝን ሁሉ እርስዎም ቡድኑን ይመዝኑ። እኔ ብሆን እነዚህን እጠይቃለሁ፦ የምስጢር ስምምነቱ በጽሑፍ ነው? ባለፉት ዓመታት ተጥሶ ያውቃል? ሲጣስ ምን አደረጋችሁ? ሰው የሚቀረው ስንት ጊዜ ነው?

«ተጥሶ ያውቃል?» የሚለውን አይዝለሉት። «አንድ ጊዜ ተጥሶ ተነጋግረን ፈታነው» ያለኝን አወያይ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ካለው የበለጠ አምኜዋለሁ። ስለ ምስጢር በግልጽ የሚነጋገር ቡድን ምስጢር ይጠብቃል።

አወያዩ በምሳሌ አድርጎ የአንድ አባል ጉዳይ ካወራልዎት ግን አይግቡ። ነገ የእርስዎንም ለቀጣዩ አዲስ ሰው ያወራዋል።

4. ምስጢሩን ዝርዝር ውስጥ ገብተው ይስማሙ

«ምስጢር ነው» ማለት ቀላል ነው። ሁላችንም እንላለን። አስቸጋሪው እያንዳንዱ ሰው ምስጢር የሚለው ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ ስም ካልጠራሁ ችግር የለውም ይላል። ሌላው ለሚስቴ ብነግርስ ከራሴ አትለይም ይላል። ሦስተኛው ጥሩ ዜና ከሆነ መናገር ይቻላል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መነጋገር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የቻታም ሐውስ ደንብ የሚባለውን ነው። ለንደን ውስጥ በሚገኘው የዚያ ስም ተቋም እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣ ደንብ ነው። የሰሙትን መረጃ መጠቀም ይችላሉ፤ ማን እንደተናገረው ግን አይገልጹም። ለፖሊሲ ውይይት ጥሩ ነው። ለእኛ ዓይነት ቡድን ግን አይበቃም። 8 ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ «አንድ ሰው ድርጅቱን ሊዘጋ ነው» ከተባለ ለማወቅ ስም አያስፈልግም። የእኛ ደንብ ከዚያ የጠበቀ ነው፦ ለማንም፣ ምንም፣ መቼም። ለትዳር ጓደኛም። ሰውዬው ከቡድኑ ከወጣ በኋላም።

እኔ ይህን ደንብ የተማርኩት ጥሼው ነው። በሦስተኛው ወር ከስብሰባ ስመለስ ጫማዬን እያወለቅሁ «ዛሬስ ስንቱን ሰማሁ!» አልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ባለቤቴ የቡድኑን አባላት በመልክ ታውቃቸዋለች። «እገሌ ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ መለሰላት። በሚቀጥለው ስብሰባ ለራሱ ለሰውየው በሁሉም ፊት ነገርኩት። ፊቱ ሲቀየር አየሁ። ይቅርታ አደረገልኝ፤ እንደ ቀድሞው ለማውራት ግን ጊዜ ወሰደበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የምናገረው አንድ ነው፦ «ስብሰባው ጥሩ ነበር።» ባለቤቴም ገና ቡድኑ ውስጥ ስገባ ስለ ደንቡ ብነግራት ኖሮ ባልጠየቀችኝ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ለትዳር ጓደኛዎ ይንገሩ፦ «የራሴን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ የሌሎቹን ግን አትጠይቂኝ።»

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር እዚያው አባላት መካከል ያለው ምስጢር ነው። በስብሰባ የተነገረን ጉዳይ ከስብሰባ ውጭ፣ ለራሱ ለባለጉዳዩም ቢሆን፣ ሳይፈቅድ አናነሣበትም። ሰውየው በሥራ ቦታው ኮሪደር ላይ ሲያገኙት «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ቢሉት፣ አጠገቡ ማንም ባይኖር እንኳ፣ ያልተዘጋጀበትን ሰዓት ነው የነኩበት። ሁለት አባላት ለብቻቸው ስለ ሦስተኛው አያወሩም። ይህ ከሁሉም የከበደው ደንብ ይመስለኛል፤ የሚጀመረው በመልካም ልብ፣ «አሳዘነኝ እኮ» ተብሎ ስለሆነ።

ከዚያ የዕቃው ጉዳይ አለ። ስልክ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ መቀመጡ አይበቃም። የቡድኑ የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን። መልእክቱ ተመስጥሮ ቢላክም ስክሪንሹት የሚያነሣውን እጅ አይከለክልም። በድርጅትዎ ኢሜይልና በድርጅትዎ የቀን መቁጠሪያ ምንም አይጻፉ፤ ድርጅቱ የማየት መብት ሊኖረው ይችላል። ስብሰባው በቪዲዮ ከሆነ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፣ በሩን ይዝጋ፣ ካሜራውን ይክፈት። ስብሰባ ቀድቶ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ዛሬ በብዙ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ይነሣል። መጥፋቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይጠይቅ። ማስታወሻ መያዝ ከፈለጉ የራስዎን ስሜት እንጂ የሌላውን ቃል አይጻፉ።

የምስጢሩን ወሰንም ይወቁ። ለጠበቃ የሚነገር ነገር በብዙ አገሮች የሕግ ከለላ አለው። ለቡድን ጓደኛ የሚነገር ግን በአብዛኛው የለውም። ፍርድ ቤት ቢጠራው ሊመሰክር ይችላል። ስለዚህ ክስ ያለበትን ጉዳይ ሲያነሡ የተፈጸመውን ዝርዝር ለጠበቃዎ ይተዉ፣ ለቡድኑ ጭንቀትዎን ይንገሩ። የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ያለ ኩባንያ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ያልታወጀ መረጃ አያምጡ፤ እርስዎንም የሰማዎትንም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። የአሠሪዎ የምስጢር ውልም እንዳለ ይቆያል። «አለቃዬ ያዘዘኝን ማድረግ ከበደኝ» ማለት ይቻላል፤ የታዘዘው ምን እንደሆነ ሳይነገር። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ነው የሚያሰኝ ነገር ከተሰማ ግን ዝም አይባልም። ቡድኑ በዚህ ላይ አስቀድሞ ተስማምቶ መጻፍ አለበት።

5. የመጀመሪያው ቀን

ትንሽ ቀድመው ይድረሱ። የሚጀመረው በመግቢያ ዙር ነው። እያንዳንዱ ሰው ለ5 ደቂቃ ያህል ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ ሥራው፣ ቤቱና እሱ ራሱ እንዴት እንደከረሙ ይናገራል። ማንም አያቋርጥም። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ጉዳያቸውን ረዘም አድርገው ያቀርባሉ።

በዚያ ቀን የሚያስደነግጥዎ ነገር ምክር መከልከሉ ይሆናል። እኛ በኬዝ ጥናት፣ የድርጅቶችን ችግር እያነበብን መፍትሔ በመፈለግ፣ ያደግን ሰዎች ነን። ችግር ስንሰማ መፍትሔ ካልሰጠን እጃችንን ይበላናል። ቡድኑ ውስጥ ግን «እንዲህ አድርግ» አይባልም። የሚባለው «እኔ እንዲህ ገጥሞኝ ነበር፣ እንዲህ አደረግሁ፣ እንዲህ ሆነ» ነው። የሚመሳሰል ነገር ካልገጠመዎት ዝም ይበሉ። ምክር የሚሰጥ ሰው ከላይ ይቀመጣል፤ ተሞክሮውን የሚናገር ከጎን ይቀመጣል። ምክር ሰምቶ ያልተከተለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለመምጣት ያፍራል።

ያን ቀን ሁሉን አይዘርግፉ። አንድ እውነተኛ ነገር ይበቃል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ያዘጋጀሁትን ስለ ሽያጭ ዕቅድ ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄድኩና ጉሮሮዬ ደረቀ። እጄ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «እንቅልፍ አልተኛም» አልኩ። «አራት ወር ሆነኝ።» ማንም አልተናገረም። ማንም አይዞህ አላለኝም። አወያዩ ብቻ ወንበሩን ትንሽ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ዝምታው ረጅም መሰለኝ። ከዚያ በስተግራዬ የተቀመጠችው «እኔም» አለች። እሷ ይህን ቃል እንድጠቀምበት ፈቅዳልኛለች፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን ግን አልጽፍም። ኢርቪን ያሎም የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሰውን በቡድን ውስጥ ከሚፈውሱት ነገሮች አንዱ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» የሚለው ግኝት እንደሆነ ያስተምራል። እኔ በዚያች አንድ ቃል ነው የገባኝ።

6. ጉዳይ የማቅረብ ተራዎ ሲደርስ

ከሳምንት በፊት ከአንድ አባል ጋር ይቀመጡና ይዘጋጁ። ይህ ሰው የእርስዎ ጉዳይ ውስጥ ራሱ ያላለፈ ቢሆን ይሻላል፤ በራሱ ታሪክ እንዳይመራዎት። እሱ እየጠየቀዎት አንዲት ጥያቄ ላይ ይድረሱ። «ድርጅቴ ተቸግሯል» ርእስ ነው። «ወንድሜን ከድርጅቱ ሳላስወጣው የማድረው ለምንድን ነው?» ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ሽፋን ነው፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ዋናው ይወጣል።

ለማቅረብ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስላይድ አያዘጋጁ። ከቡድኑ የሚፈልጉትን ከመጀመሪያው ይናገሩ፦ መሰማት ብቻ ነው፣ ተሞክሮ ነው፣ ወይስ ጥያቄ እንዲጠይቁዎት ነው? ከዚያ አባላቱ የሚያብራራ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ለምን ይህን አላደረግህም?» ዓይነት ጥያቄ ምክር ስለሆነ አወያዩ ያስቆመዋል። ቀጥሎ ተሞክሮአቸውን ይናገራሉ። እርስዎ አይመልሱም፣ አይከላከሉም። በመጨረሻ ምን ይዘው እንደሚሄዱ በአንድ ሁለት ቃል ይናገራሉ። ምንም ካልያዙ «ገና አልጠራልኝም» ይበሉ።

ቢያንስ ለ6 ወር ይቆዩ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በሥራ ምክንያት መቅረት ልማድ ሲሆንብዎት ግን ቦታውን ለሌላ ይልቀቁ። የቀረ ሰው የሌሎቹን ገበና ይዞ የራሱን አላስያዘም።

ለመውጣት ሲወስኑ በጽሑፍ መልእክት አይውጡ። አንድ የመጨረሻ ስብሰባ ይምጡ። ለምን እንደሚሄዱ ይናገሩ። የሰሙትን እስከ መጨረሻው እንደሚጠብቁ በቃልዎ ይድገሙላቸው። ማስታወሻ ደብተርዎን ይዘው ይሂዱና ስለ ቡድኑ የጻፉባቸውን ገጾች እዚያው ፊታቸው ቀድደው ያስወግዱ።